መጀመርና ማቆም፤ የፀረ ድብርት መድኃኒቶች መጠንና የአንጎል ተቀባዮች ታሪክ

የፀረ ድብርት መድኃኒቶች ታሪክ የሚጀምረው ከአእምሮ ሐኪሞች ዘንድ ሳይሆን ከሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መኝታ ክፍል ነው። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በስታተን ደሴት ላይ በነበረው በሲ ቪው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1952 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኢሶኒያዚድና ኢፕሮኒያዚድ የተባሉ ሁለት አዳዲስ መድኃኒቶች በጠና ለታመሙ ሰዎች ይሰጡ ነበር። መድኃኒቶቹ በነቀርሳው ላይ ያሳዩት ኃይል ሐኪሞቹን ቢያስደስትም፣ ያልጠበቁት ሌላ ነገር ደግሞ አጋጠማቸው። ሞታቸውን ይጠባበቁ የነበሩት ሕሙማን ምግብ አማራቸው፤ ጨዋታና ሳቅ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ገባ፤ በአልጋዎቹ መካከል ሲጨፍሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍም ለንባብ በቃ። በዚያው ዓመት ኤርንስት ዘለር የተባለው የቺካጎ ሊቅ ኢፕሮኒያዚድ «ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ» የተባለውን ኤንዛይም እንደሚያግድ አረጋገጠ። ከአምስት ዓመት በኋላም ናታን ክላይን ከባልደረቦቹ ጋር ኢፕሮኒያዚድን ለድብርት ሕሙማን ሰጥቶ ያየውን ውጤት ለሙያው ዓለም አስታወቀ። መድኃኒቱ ጉበትን ይጎዳ ስለ ነበር ዕድሜው አጭር ሆነ፤ ያሳየው መንገድ ግን አልተዘጋም።

ሁለተኛው መንገድ የተከፈተው በስዊዘርላንድ ነው። በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር በሚገኘው በሙንስተርሊንገን የአእምሮ ሆስፒታል ይሠራ ለነበረው ለሮላንድ ኩን፣ ጋይጊ የተባለው የባዝል ኩባንያ «ጂ 22355» ከሚል ቁጥር በቀር ስም ያልነበረው ውሁድ ላከለት። ውሁዱ የታሰበው ለስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ነበር፤ ለእነዚያ አልበጀም። ኩን በ1956 ለድብርት ሕሙማን በሰጠው ጊዜ ግን ዝም ብለው ይውሉ የነበሩት ሰዎች በሳምንታት ውስጥ መናገርና መሥራት ጀመሩ። በመስከረም 1957 በዙሪክ በተካሄደው የዓለም የአእምሮ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ግኝቱን ሲያነብ አድማጮቹ አሥራ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር ይባላል። ኢሚፕራሚን ተብሎ በ1958 ለገበያ የቀረበው ይህ መድኃኒት የትራይሳይክሊኮች ሁሉ አባት ሆነ። የኩን ስም ለብዙ ዘመን በክብር ብቻ ሲጠራ ከኖረ በኋላ፣ የቱርጋው ካንቶን አስጠንቶ በ2019 የታተመው የታሪክ ምርመራ በዚያ ሆስፒታል ለአሠርት ዓመታት ገና ያልተፈቀዱ ውሁዶች ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ሕሙማን ላይ እንደ ተሞከሩና ብዙዎቹ ፈቃዳቸው እንዳልተጠየቀ አስረድቷል። ይህም የታሪኩ ክፍል ስለ ሆነ ግኝቱ በተነሣ ቁጥር አብሮ ሊነሣ ይገባዋል።

ስለ አጀማመሩ ብዙ በተጻፈበት በዚያ ወቅት ስለ አቋረጡት ሰዎች የተጻፈው ጥቂት ነው። ሆኖም ጭራሽ አልተዘነጋም። ማንና ማክፈርሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1959 በካናዳ የሙያ መጽሔት ስለ ኢሚፕራሚን ሲጽፉ፣ መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም ሕሙማኑ ላይ ስለሚታየው አዲስ ሕመም ጠቅሰው ነበር። በ1961 ደግሞ በኒው ዮርክ የሂልሳይድ ሆስፒታል ባልደረቦች የነበሩት ክሬመር፣ ክላይንና ፊንክ ይህንኑ ጉዳይ ለብቻው አጥንተው፣ ካቋረጡት ሕሙማን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ንፍጥና ድካም እንዳዩ አሳተሙ። ኢሚፕራሚን ለገበያ ከቀረበ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ኋላ ላይ ነገሩ እንግዳ ሆኖ ሲነገር ለሚሰማ ሰው፣ የሙያው መዛግብት ከመጀመሪያው አንሥቶ ሌላ ይመሰክራሉ።

በእነዚያ ዓመታት የጎደለው የምልክቶቹ ዝርዝር ሳይሆን የምክንያታቸው ማብራሪያ ነበር። ለማብራሪያው የሚያስፈልገው ዕውቀት ደግሞ ከግማሹ በላይ ቀድሞ ተገኝቶ በሌላ ክፍል ተቀምጦ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1905 የካምብሪጁ ጆን ላንግሊ፣ ኒኮቲንና ኩራሬ በጡንቻ ላይ የሚሠሩት በሕዋሱ ላይ ባለ አንድ «ተቀባይ ነገር» አማካይነት መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። ዛሬ ሪሴፕተር የምንለው ተቀባይ ልደቱ ከዚያ ነው። በ1909 ደግሞ በዚያው ቤተ ሙከራ ገና ተማሪ የነበረው አርቺባልድ ሂል፣ የመድኃኒቱ መጠን ሲጨምር የተያዙት ተቀባዮች ብዛት እንዴት እንደሚጨምር በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው። ቀመሩ ሲሣል ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ሃይፐርቦላ ይሆናል፤ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ እየለዘበ ሄዶ ሊደላደል ይቃረባል። ነገሩን በአዳራሽ ወንበሮች መመሰል ይቻላል። አዳራሹ ባዶ ሳለ የሚገባ እንግዳ ሁሉ ወዲያው ይቀመጣል። ወንበሮቹ ሊሞሉ ሲቃረቡ ግን ብዙ ሰው ገብቶ ጥቂቱ ብቻ ነው ቦታ የሚያገኘው። ይህ ቀመር በእያንዳንዱ የፋርማሲ ተማሪ ደብተር ውስጥ አለ። ስለ ፀረ ድብርት መድኃኒት ማቆም ምን እንደሚናገር ግን እስከ ሃያ አንደኛው መቶ ዓመት ድረስ ጠያቂ አላገኘም።

የመድኃኒቶቹ አሠራር ቀስ በቀስ ነው የተገለጠው። ጁሊየስ አክስልሮድና ባልደረቦቹ በ1961 እንዳሳዩት፣ የነርቭ ሕዋስ የለቀቀውን ኖርአድሬናሊን መልሶ ይመጠዋል፤ ኢሚፕራሚን ደግሞ ይህን መምጠጥ ያግዳል። አክስልሮድ በ1970 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሊቃውንት አንዱ ለመሆን የበቃው በዚህ መስክ ባደረገው ምርምር ነው። ከዚህ ተነሥቶ በ1965 ጆሴፍ ሺልድክራውት ድብርት የኖርአድሬናሊን እጥረት ሊሆን ይችላል የሚለውን መላ ምት አቀረበ፤ ሌሎችም ጥቂት ቆይተው በሴሮቶኒን ላይ ተመሳሳይ ሐሳብ አቀረቡ። መላ ምቱ ቀላልና ለማስረዳት የሚመች ስለ ነበር ከሙያው አልፎ በሕዝቡ ዘንድ ተሰራጨ። ከጅምሩ ግን የሚያስቸግሩት ነገሮች ነበሩ። ረዘርፒን የተባለው መድኃኒት ሴሮቶኒንን ከሕዋሳት ያራቁታል፤ በእጥረቱ አሳብ መሠረት ድብርትን ማባባስ ሲገባው፣ ዴቪስና ሼፐርድ በ1955 በለንደን ባደረጉት ሙከራ ለተጨነቁና ለተከዙ ሕሙማን ከባዶ ኪኒን የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ሌላው ችግር የጊዜ ነው። መልሶ መምጠጡ የሚታገደው በሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ የበሽተኛው መንፈስ የሚነሣው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። በመካከሉ በአንጎል ውስጥ ምን ይደረጋል?

ለዚህ ጥያቄ ከቀረቡት መልሶች ሁሉ ክብደት ያለው በ1975 ከአሜሪካ ከቴነሲ ክፍለ ሀገር መጣ። ፖላንዳዊው ዬርዚ ቬቱላኒና የስዊዘርላንድ ተወላጁ ፍሪዶሊን ሱልሰር በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ለአይጦች ፀረ ድብርት መድኃኒት ለሳምንታት ሰጥተው አንጎላቸውን መረመሩ። የኖርአድሬናሊን ተቀባዮች ምላሽ ቀንሶ ተገኘ። መድኃኒቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሰጥ ግን ይህ ለውጥ አልታየም። ለውጡ የፈጀው ጊዜና ሕሙማን ለመዳን የሚፈጅባቸው ጊዜ መቀራረቡ የምርምሩን ትኩረት ከመልእክት አስተላላፊው ወደ ተቀባዩ አዞረው። በ1980 ፔሩትካና ስናይደር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓይነት ሴሮቶኒን ተቀባዮች ቁጥርም በረጅም ሕክምና እንደሚቀንስ በአይጦች አሳዩ። በሞንትሪያልም ደ ሞንቲኚና ብሊዬ፣ የሴሮቶኒን ሕዋሳትን እንደ ልጓም የሚይዙት ተቀባዮች ከጊዜ ብዛት ስሜታቸው እንደሚደነዝዝ አስተዋሉ። በአጭሩ አንጎል የመጣበትን ትርፍ መልእክት ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ተቀባዮቹን እየቀነሰ ወይም እያደነዘዘ ከአዲሱ ሁኔታ ጋር ይስማማል።

እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ በድንገት ሲወሰድ ምን ይከተላል? የሃርቫርዱ ዋልተር ካነን ገና በ1939 ባወጣው ሕግ፣ መልእክት የተቋረጠበት ሕዋስ ለመልእክቱ ያለው ስሜት እንደሚበረታ አስተምሮ ነበር። ይህን ሕግ ለጉዳያችን የሠሩበት በ1984 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎቹ ዲልሳቨርና ግሬደን ናቸው። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት ትራይሳይክሊኮች ኖርአድሬናሊንንና ሴሮቶኒንን ከመንካታቸውም በላይ የአሴቲልኮሊን ተቀባዮችን ይዘጋሉ፤ የአፍ መድረቅና የሆድ ድርቀት የሚመጣው ከዚህ ነው። ለወራት የተዘጋው ተቀባይ ስሜቱ ይበረታል። ክዳኑ በአንድ ቀን ሲነሣለት የተለመደው የአሴቲልኮሊን መጠን እንኳ ይበዛበታል፤ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የእንቅልፍ መቃወስና የሚያስፈራ ሕልም ይከተላል። በ1961 ከተመዘገቡት የሂልሳይድ ምልክቶች መካከል ብዙዎቹ ምክንያት ያገኙት እንግዲህ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሰውነት ከመድኃኒቱ ጋር መስማማቱ ጥፋት ወይም የሱስ ምልክት አይደለም። ከመድኃኒቱ ጋር የተስማማው አካል ያለ መድኃኒቱ ለመኖር ተመልሶ የሚስማማበት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ይህም ጊዜ መድኃኒቱ ከደም ከሚጠፋበት ጊዜ ይረዝማል።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መድረኩን የያዙት በሴሮቶኒን ላይ ብቻ ያተኮሩት አዳዲስ መድኃኒቶች ናቸው። ፍሉኦክሴቲን በታኅሣሥ 1987 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን በተከታዮቹ ዓመታት መጡ። ሦስቱም የሚይዙት ቦታ አንድ ነው። ይኸውም የፈሰሰውን ሴሮቶኒን ወደ ሕዋሱ የሚያስገባው ፕሮቲን፣ ለአጭሩ «መላሹ» ነው። በሰውነት ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ ግን እጅግ ይለያያል። የፓሮክሴቲን ግማሹ በአንድ ቀን ገደማ ይወገዳል። ፍሉኦክሴቲን ራሱ ቀናት ይቆያል፤ ጉበት ከእርሱ የሚሠራው ኖርፍሉኦክሴቲን ደግሞ ግማሹ ለመወገድ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ፍሉኦክሴቲን ሲቆም በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይወርዳል ማለት ነው። ሮዘንባምና ባልደረቦቹ በ1998 ባሳተሙት ጥናት መድኃኒታቸው ያለ ዕውቀታቸው ከ5 እስከ 8 ቀን በባዶ ኪኒን የተተካባቸውን ሕሙማን ሲያወዳድሩ፣ ከሁሉ የታመሙት ፓሮክሴቲን ይወስዱ የነበሩት፣ ከሁሉ ያልታመሙት ደግሞ የፍሉኦክሴቲኖቹ መሆናቸው ታየ። የጥናቱን ወጪ የቻለው የፍሉኦክሴቲን አምራች መሆኑ ሊታወስ ይገባል፤ ውጤቱ ግን ከመድኃኒቶቹ ባሕርይ ጋር የሚስማማ ነው።

በዚህ መካከል የስያሜ ጉዳይም ተነሣ። በታኅሣሥ 1996 በአሜሪካ በፊኒክስ ከተማ በዚያው አምራች ድጋፍ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ጉዳዩን የመረመሩት «የማቋረጥ ሲንድሮም» በሚል ስም ነው። በእንግሊዝኛ ለሱሰኞች ይነገር የነበረው ቃል ቀርቶ የለዘበው ተመረጠ። በብሪታንያ ደግሞ ከ1992 እስከ 1996 በተካሄደው ድብርትን የመዋጋት ዘመቻ ዋዜማ ላይ ሕዝቡ ሲጠየቅ ከመቶ 78ቱ እነዚህ መድኃኒቶች ሱስ ያስይዛሉ ብሎ እንደሚያምን ታወቀ፤ ዘመቻውም ይህን እምነት ስሕተት ነው ብሎ ለማረም ደከመ። በቃሉ ጥብቅ ትርጉም ሐኪሞቹ ልክ ነበሩ፤ ፀረ ድብርት መድኃኒት ፍለጋ ሰው ቤቱን አይሸጥም፣ መጠኑንም በየጊዜው አያሳድግም። ነገር ግን «ሱስ አያስይዝም» የተባለው በተሰሚው ዘንድ «ስታቆመው ምንም አትሆንም» ተብሎ ተተረጎመ። ለማቆም ሞክሮ የታመመ ሰውም የሚነገረው ማብራሪያ አንድ ብቻ ሆነ፤ በሽታው ተመልሷል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ይቀጥል።

ሁለቱን መለየት ግን ብዙ ጊዜ ይቻላል። የማቋረጥ ምልክት የሚጀምረው መድኃኒቱ ወይም መጠኑ ከተቀነሰ በኋላ በቀናት ውስጥ ነው። ድብርት ራሱ ሲመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታትንና ወራትን ይጠብቃል። የማቋረጥ ምልክት ማዞርንና ማቅለሽለሽን፣ እንደዚሁም ኤሌክትሪክ በራስ ውስጥ እንዳለፈ ዓይነት ንዝረትን ያመጣል፤ ይህ የመጨረሻው የድብርት ጠባይ አይደለም። መድኃኒቱ እንደ ገና ሲሰጥም የማቋረጥ ምልክት በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ድብርት እንዲህ ፈጥኖ አይታዘዝም።

የመጠንን ጉዳይ ወደ ተጨባጭ ቁጥር ያመጣው የአንጎል ፎቶግራፍ ነው። በካናዳ በቶሮንቶ ጄፍሪ ማየርና ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ጨረር የሚያወጣ ምልክት ተጠቅመው አምስት መድኃኒቶች በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ ምን ያህሉን መላሽ እንደሚይዙ ለኩ። ሐኪሞች ለሕክምና በሚጀምሩበት ዝቅተኛ መጠን ከመቶ 80 ያህሉ ተይዞ ተገኘ። መጠኑ ከዚያ በላይ እጥፍ ቢደረግ የሚጨመረው ጥቂት ነው። የሂል ቀመር እነሆ በአንጎል ውስጥ ታየ።

ከዚህ ላይ የማቆምን ትምህርት ያነበቡት ማርክ ሆሮዊትዝና ዴቪድ ቴይለር ናቸው። የመጀመሪያው ራሱ እነዚህን መድኃኒቶች ሲወስድ የኖረና ማቆሙ እንደ ከበደው በአደባባይ የተናገረ ሐኪም ነው። ሁለተኛው ደግሞ በለንደን የሞድስሊ ሆስፒታል የፋርማሲ ኃላፊ ሆኖ ያገለገለ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ስለ ሲታሎፕራም ያቀረቡት ስሌት ልብ ብሎ ሊነበብ የሚገባው ነው። 20 ሚሊግራም ከመላሹ ከመቶ 80 ያህሉን ይይዛል። ወደ 9 ሚሊግራም ቢወረድ 70 ይሆናል። ከግማሽ በላይ የሆነው መጠን ተነሥቶ አንጎል የጎደለበት አሥር በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። 5.4 ሚሊግራም 60፣ 2.3 ሚሊግራም 40፣ 0.8 ሚሊግራም 20 በመቶ ይይዛሉ። እንግዲህ በተለመደው አሠራር 20ውን ወደ 10፣ 10ሩን ወደ 5 አውርዶ ከዚያ የሚያቆም ሰው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች በቀላሉ ይወርዳል፤ በመጨረሻው ደረጃ ግን ከስድሳ በመቶ ገደማ ወደ ባዶ በአንድ ቀን ይወድቃል። ሕሙማን «ግማሹ ቀላል ነበር፤ የመጨረሻዋ ቁራጭ ገደለችኝ» ሲሉ ይደርስባቸው የነበረው ጥርጣሬ ተገቢ እንዳልነበረ ስሌቱ ያስረዳል። ሁለቱ ጸሐፊዎች ያቀረቡት ሐሳብ፣ ቅነሳው በሚሊግራም እኩል ሳይሆን በአንጎል ውስጥ ባለው ውጤት እኩል እንዲሆን፣ ስለዚህም መጠኑ ባነሰ ቁጥር ደረጃዎቹም እያነሱ እንዲሄዱ ነው። ሂል ቀመሩን ከጻፈ አንድ መቶ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

በዚያው ዓመት የብሪታንያ የአእምሮ ሐኪሞች ኮሌጅ አቋሙን አሻሻለ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያም ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ናቸው፣ በአንድ ሳምንት ገደማም ይጠፋሉ ይል የነበረውን ቃል በጥቅምት ወር አንሥቶ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሊበረቱና ሊረዝሙ እንደሚችሉ ጻፈ። ምን ያህል ሰው ይነካሉ በሚለው ላይ ክርክሩ የጦፈ ነው። በ2019 የታተመ አንድ ግምገማ ከግማሽ በላይ አለ። በ2024 የታተመውና ባዶ ኪኒን ያቋረጡትንም ሰዎች ያካተተው ሰፊ ትንተና ግን መድኃኒቱን ካቋረጡት ከመቶ 31፣ ባዶ ኪኒን ካቋረጡት ደግሞ 17 ያህሉ ምልክት እንዳሳዩ፣ ከባድ ምልክት የሚያጋጥማቸውም ከመቶ 3 እንደማይሞሉ ገመተ። በትንተናው ከተካተቱት ጥናቶች ብዙዎቹ መድኃኒቱን ለአጭር ጊዜ የወሰዱ ሰዎችን የተከታተሉ በመሆናቸው ለዓመታት ለወሰደው ሰው ቁጥሩ ብዙ አያጽናናም። በሌላ ወገን መድኃኒቱን ማቆም ያለ አደጋ ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም። በእንግሊዝ 478 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2021 የታተመው ሙከራ እንዳሳየው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ድብርት የተመለሰባቸው መድኃኒቱን ከቀጠሉት ከመቶ 39፣ ካቆሙት ደግሞ 56 ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ በሁለት መድኃኒቶች ዙሪያ ይዞራል። አሚትሪፕቲሊን የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ነበረ፤ ፍሉኦክሴቲን የተጨመረው በ2007 ነው። ድርጅቱ በ2010 ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች ያዘጋጀውና ኢትዮጵያ ቀድመው ከተቀበሉት አገሮች አንዷ የሆነችበት የአእምሮ ጤና መመሪያም ለድብርት የሚጠቅሰው እነዚሁኑ ሁለቱን ነው፤ ሲቆሙም ቢያንስ በአራት ሳምንት ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ ያዛል። ከሁለቱ ፍሉኦክሴቲን ለሚረሳውም ለሚቸኩለውም ምሕረት ያደርጋል። አሚትሪፕቲሊን ግን ከላይ እንደ ተባለው የአሴቲልኮሊንን ተቀባዮች አጥብቆ የሚዘጋ ነውና ሲቋረጥ ምሕረት የለውም። ጠበል ሊጠመቅ ሄዶ መድኃኒቱን ቤት የተወ፣ ለእርሻ ሥራ ወደ ሩቅ የወረደ፣ ወይም መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ስለ ጠፋ ባዶ እጁን የተመለሰ በሽተኛ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ቢያቅለሸልሸውና እንቅልፍ ቢያጣ፣ ቤተሰቡ የሚያስበው በሽታው እንደ ተነሣበት ነው።

በኔዘርላንድ ለዚህ ሲባል መጠኑ በየዕለቱ እያነሰ የሚሄድ ኪኒን በጥቅልል ይዘጋጃል፤ በእንግሊዝ ደግሞ ሲታሎፕራም በጠብታ ይገኛል። ከ20 ሚሊግራም ኪኒን 0.8 ሚሊግራም በምላጭ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። ባለ 25 ሚሊግራሙ አሚትሪፕቲሊን ብቻ ባለበት መድኃኒት ቤትም ከመጨረሻው ኪኒን በታች የሚወረድበት ደረጃ፣ ኪኒኑ ከተከፈለ ግማሹ፣ ባለ 10 ሚሊግራሙ ከተገኘ ደግሞ እርሱ ነው።